ቢላችሁን ይዛችሁ ኑ

የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሰፈራችን አዳራሽ ስለ ቢላ መግዛትና መሳል ያደረግሁት ንግግር ነው። ብዙ ሰው "ጻፍልን" ስላለኝ ጻፍኩት። የተደጋገመውን ቀንሻለሁ እንጂ አነጋገሩን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ቢላችሁን በጋዜጣና በፎጣ ጠቅልላችሁ ስላመጣችሁ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ 23 ቢላ አለ። ከመጀመራችን በፊት ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን ሁሉንም ቲማቲም ላይ ሞክረናቸዋል። ፈተናው ቀላል ነው። ቢላውን ቲማቲሙ ላይ ታስቀምጡና ሳትጫኑ ወደ ራሳችሁ ትስቡታላችሁ። ስል ከሆነ ልጣጩን ይዞ ይገባል። ካልሆነ ይንሸራተታል፣ ስትጫኑት ደግሞ ቲማቲሙን ጨፍልቆ ውሃውን ያፈሰዋል። ከ23ቱ ልጣጩን የያዙት 2 ብቻ ናቸው። አንደኛው እዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡት እማማ ቢላ ነው፤ እጀታው በጨርቅ የታሰረ፣ ከብዙ ዓመት መሳል የተነሳ ስፋቱ አልቆ ጣት ያህል የቀረ። ሁለተኛው ሥጋ ቤት የሚሠራው ወንድማችን ካራ ነው። ከውጭ አገር የመጣው፣ በሚያምር የእንጨት ማስቀመጫ የተሰካው ሙሉ ስብስብ ቲማቲሙን ጨፈለቀው። ይህን የምለው እህታችንን ለማሳፈር አይደለም። ቢላዎቹ ጥሩ ብረት ናቸው፣ ዛሬ ማታ ይዘሽ ስትሄጂ ይቆርጣሉ። ነገሩ ግን እዚያው ነው ያለው። ከሱቅ የምንገዛው ብረቱን ነው፤ ስለቱን ጠብቆ ማኖር የኛ ሥራ ነው፤ ያንን ሥራ ደግሞ አብዛኞቻችን ማንም አላስተማረንም።

እኔንም ያስተማረኝ አልነበረም። ወጥ ቤት ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሆቴል፣ አሁን ለሠርግና ለድግስ ምግብ ከምናዘጋጅ ጥቂት ሰዎች ጋር። ሆቴል በገባሁ በሁለተኛው ወር ዱባ እየቆረጥኩ ነበር። ቢላው ዱልዱም ነው፤ እዚያ ቤት የነበረው ቢላ ሁሉ እንደዚያው ነበር፣ መሳያ ግዙልን ብንልም የሚሰማን አላገኘንም። ዱባን ታውቁታላችሁ። ልጣጩ ጠንካራ ነው፣ ክብ ስለሆነ ይንከባለላል። ቢላው አልገባ ሲለኝ በሰውነቴ ክብደት ተጫንኩት፣ ልጣጩ ላይ ተንሸራተተና የግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ አረፈ። አራት ቦታ ተሰፋ። ጠባሳው ይኸው። ብርድ ሲሆን እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል።

ለዚህ ነው ሰው "ስል ቢላ ያስፈራኛል፣ ልጆች አሉ፣ ዱልዱም ይሻላል" ሲለኝ ዝም የማልለው። ስል ቢላ ትንሽ ጉልበት ነው የሚፈልገው፤ የመራችሁት ቦታ ይገባል፣ እዚያው ይቆማል። ዱልዱም ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቱ ደግሞ ቢላው ሲያመልጥ የትም ይሄዳል። ከልጆች የሚርቀው ቦታውን ከፍ በማድረግ ነው፤ ቢላውን በማዶልዶም አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ሽንኩርት። ለዶሮ ወጥ ስንት እንደምንከትፍ እናንተው ታውቃላችሁ፤ እኔ ለአንድ ዶሮ ከሁለት ኪሎ አላንስም። ሽንኩርት ሲቆረጥ ውስጡ ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይሠራሉ፤ ጋዙ ከዓይናችን እርጥበት ጋር ሲገናኝ እንባችን ይወርዳል። ስል ቢላ ሰንጥቆ ያልፋል። ዱልዱም ቢላ ግን እየጨፈለቀ ነው የሚያልፈው፤ ብዙ ጭማቂ ይወጣል፣ ብዙ ጋዝ ይነሳል። መክተፊያችሁን እዩት። ከትፋችሁ ስትጨርሱ እንጨቱ ላይ ውሃ ከተኛ፣ ያ ውሃ ድስት ውስጥ መግባት የነበረበት የሽንኩርቱ ጣዕም ነው። ደግሞ በዱልዱም ቢላ የተከተፈ እኩል አይሆንም፤ ደቃቁ ሲያር ትልልቁ ገና ጥሬ ነው። "ሽንኩርቴ አልቁላላ አለኝ" የምትሉ እህቶች፣ እሳቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ቢላውን እዩት።

እሺ፣ ወደ መግዛቱ እንምጣ።

ስንት ቢላ ያስፈልጋል? ሦስት። አንድ ትልቅ፣ ስለቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ለሽንኩርት፣ ለጎመን፣ ለሥጋ፣ ለሁሉም። አንድ ትንሽ፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በእጅ ይዞ ለመላጥና ለቃሪያ። እናቶቻችን ሽንኩርቱን መዳፍ ላይ ይዘው፣ በላይ በላዩ እየሰነጠቁ እንደሚከትፉት ያለ ሥራም በትልቅ ቢላ አይሞከርም፣ የትንሿ ነው። ሦስተኛው ባለ ጥርስ ነው፤ ድፎ ዳቦ ለመቁረጥ። ከዚህ ውጭ ያለው እንደ ሥራችሁ ነው። 12ም 15ም ቢላ ያለበት ስብስብ አትግዙ። የ15ቱ ዋጋ አንድ ላይ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብረት ርካሽ ነው፣ ከዚያም ውስጥ የምትጠቀሙት እነዚያኑ ሦስቱን ነው። በዚያ ገንዘብ አንድ ጥሩ ትልቅ ቢላና አንድ መሳያ ድንጋይ ይገዛል።

ብረቱስ? ሁለት ቃል ብቻ ያዙልኝ፣ ካርቦንና ክሮሚየም። ካርቦን ብረቱን እንዲጠነክርና ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው ነው። ክሮሚየም ዝገት የሚከለክለው ነው። ድሮ ቢላ ሁሉ የካርቦን ነበር፤ ይስላል፣ ግን ይዝጋል፣ ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ ሃሪ ብሬርሊ የሚባል ሰው ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ክሮሚየም የበዛበት፣ የማይዝግ ብረት አገኘ። ሼፊልድ የቢላ ከተማ ስለሆነች ወዲያው ቢላ ተሠራበት። የመጀመሪያዎቹ ግን አልቆርጥ አሉ፤ አዲሱ ብረት እንዴት ባለ ሙቀት እንደሚጠነክር ሠሪዎቹ ገና አልለመዱትም ነበር። ይህን የምነግራችሁ "አይዝግም" የሚለው ቃል "ይቆርጣል" ማለት እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። ዛሬም ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ፣ ፈጽሞ የማይዝግ፣ ግን ስለት የማይቀበል ቢላ ሞልቷል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ "ማግኔት አይስበውም፣ እውነተኛ ስቴንለስ ነው" ቢላችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። ለማንኪያና ለድስት የሚሆነው የማይዝግ ብረት ብዙ ጊዜ ማግኔት አይስበውም፣ ለነሱ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ዓይነቱ ብረት በእሳት ተሞቆ አይጠነክርም። ለቢላ የሚሆነው፣ የሚጠነክረው ብረት፣ የማይዝገውም ቢሆን ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ ማግኔት የማይዘው የብረት ቢላ አትግዙ። ማግኔት ስለያዘው ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ካልያዘው ግን ነገሩ አለቀ።

ሌላው ጽሑፉ ነው። ብዙ የጀርመን ቢላ ጎኑ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ ተጽፎበታል። መጀመሪያ አካባቢ 50፣ መጨረሻ ላይ 15 ካያችሁ፣ 50ው ካርቦኑ ግማሽ በመቶ ገደማ፣ 15ቱ ክሮሚየሙ 15 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ለቤት የሚበቃ፣ አስተማማኝ ብረት ነው። "ዞሊንገን" የሚለውም ስም ዝም ብሎ አይጻፍም፤ የጀርመን ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስም ነው። ግን ገበያ ላይ የውሸት ማህተምም ስላለ ስሙን ብቻ አትመኑ። በርካሽ ልግዛ ለሚል የስዊዞቹ ቪክቶሪኖክስ ባለ ፕላስቲክ እጀታ ቢላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1884 የተጀመረ ቤት ነው፤ ቢላው ከብረት ሉህ ተቆርጦ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው፣ ስንት ሥጋ ቤትና ስንት ሆቴል ውስጥ ግን እሱ ነው ያለው። "ተቀጥቅጦ የተሠራ ካልሆነ አይረባም" የሚባለውን አትስሙ።

ስለ ጃፓን ቢላ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፤ ቪዲዮ ላይ ያዩታል። እውነት ነው፣ በጣም ስል ይሆናል። የብረት ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል፤ የጀርመኖቹ ከ56 እስከ 58 አካባቢ ናቸው፣ የጃፓኖቹ ብዙዎቹ 60ና ከዚያ በላይ ናቸው። ግን ጥንካሬ ሲጨምር መሰባበርም ይጨምራል። እኛ ዶሮ እንገነጣጥላለን፣ የበግ ጎድን እንመታለን። ዶሮን በመጋጠሚያው የሚያውቅ ሰው 12ቱን ብልት አጥንት ሳይነካ ያወጣል፣ ያ ሰው የጃፓኑን ይግዛ። አጥንት ላይ የሚያሳርፍ እጅ ካለበት ቤት ግን የጃፓኑ ቢላ አፉ ይሸራረፋል፣ የጀርመኑ ደግሞ ይታጠፋል፣ የታጠፈውን ማቃናት ደግሞ ይቻላል። ለጎድንና ለአጥንትማ ቢላ አይደለም፣ መጥረቢያ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን አንድ ነገር በደንብ ልናገር፣ ልቤ ውስጥ ስላለ። የአገር ቤት ቢላ። ቀጥቃጮቻችን ከመኪና ባሌስትራ ቢላ ይሠራሉ። ባሌስትራ የካርቦን ብረት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በመላው ዓለም ያሉ ቀጥቃጮች ይፈልጉታል። በአግባቡ ተሞቆ በአግባቡ የቀዘቀዘ የባሌስትራ ቢላ ከብዙ የሱቅ ቢላ ይበልጣል፤ የሚፈልገው ወዲያው መጠረግና አንዳንዴ ትንሽ ዘይት መቀባት ብቻ ነው። እማማ የያዙት ቢላ እንደዚያ ያለ ነው። እነዚህን ሰዎች ግን ምን አደረግናቸው? "ቡዳ" አልናቸው፣ አብረናቸው አንበላም አልን፣ ልጆቻችንን አንድርላቸውም አልን። ሥጋችንን የቆረጥነው እነሱ በሠሩት ቢላ፣ መሬታችንን ያረስነው እነሱ በሠሩት ማረሻ ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የሚባለው መንደር የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩበት ቦታ ነው፤ ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው፣ ብዙ የእጅ ጥበብም አብሯቸው ሄዷል። ይህ የሚያሳፍር ታሪካችን ነው፤ እኔ በበኩሌ ቢላ በያዝኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ፣ የሚቀጠቅጠውን ሰው ቆማችሁ አነጋግሩት፤ ከምን ብረት እንደሠራው ጠይቁት። ሙያውን የሚያከብር ሰው ያሳያችኋል።

እሺ፣ ወደ መሳሉ። እዚህ ጋ ቀስ እላለሁ፤ ዋናው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ፤ ማቃናትና መሳል። የቢላ አፍ በጣም ቀጭን ነው፣ ስትጠቀሙበት ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል። አልቆርጥ ሲላችሁ ብዙ ጊዜ አላለቀም፣ ተኝቷል። ሥጋ ቆራጮች አጠገባቸው የሚያንጠለጥሉት ክብ ረጅም ብረት አለ፤ አንዳንዱ ሞረድ፣ አንዳንዱ መሳያ ይለዋል። እሱ የሚሠራው ይህን ነው፤ የተኛውን አፍ ያቃናል። ለዚህ ነው በየደቂቃው ሁለት ሦስቴ ሸው ሸው የሚያደርጉት። በዱላ እንደመምታት ማጋጨት አያስፈልግም፤ ቀለል አድርጎ፣ በአንድ ጎን አምስቴ፣ በሌላው ጎን አምስቴ። አፉ ሲያልቅ ግን፣ ሲደነዝዝ፣ ያ ብረት አያድነውም። ያኔ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ብረቱ ራሱ መፋቅ አለበት።

ድንጋዮች ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ሸካራ ነው፣ ሲበዛ ልሙጥ ነው። 400 አካባቢ የተሸራረፈ ቢላ ለማስተካከል፣ 1000 ለመሳል፣ 3000ና ከዚያ በላይ ለማለስለስ። አንድ ብቻ መግዛት የምትችሉ 1000ውን ግዙ። በአንድ ጎኑ ሸካራ፣ በሌላው ልሙጥ የሆነ ካገኛችሁ ደግሞ ጥሩ ነው። የውሃ ድንጋይ ከሆነ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም፣ አሥር ደቂቃ ገደማ። ከስሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፤ ድንጋዩ እየተንሸራተተ ስለት ማውጣት አይቻልም።

ከዚያ ማጋደሉ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቢላውን አስተኝቶ ከሳለው ጎኑ ይፋቃል፣ አፉ ድንጋዩን አይነካም። በጣም ካቆመው አፉ ይደነዝዛል። ለተራ የቤት ቢላ በያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው የምንፈልገው። ዲግሪ ማን ይለካል? ወረቀት ውሰዱ። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። አንዴ ስታጥፉት 45 ይሆናል፣ ሁለተኛ ስታጥፉት 22 ተኩል ይሆናል። ያንን ቢላው ስር አስገብታችሁ እዩት፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ በሉ። ወይም ደግሞ እንዲህ ያዙት፤ ስፋቱ 4 ተኩል ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ ከ1 ሳንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ከፍ ይበል። ሌላ ዘዴ ልንገራችሁ፣ ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ የቢላውን አፍ በማርከር ቀቡት። ሁለት ሦስቴ ድንጋዩ ላይ ሳሉትና እዩ። ቀለሙ ጫፉ ድረስ ከለቀቀ ልክ ናችሁ። ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን ትንሽ አንሱት። ቀለሙ ያስተምራችኋል።

አሁን እጃችሁ። ቀኝ እጅ እጀታውን ይዞ ማጋደሉን ይጠብቃል፣ አይንቀሳቀስም፣ አንጓችሁ እንደ ድንጋይ ይሁን። የግራ እጅ ሁለት ሦስት ጣት ስለቱ አጠገብ ቢላውን ቀለል አድርጎ ይጫናል። ከተረከዙ፣ ማለት እጀታው አጠገብ ካለው የስለቱ መጨረሻ፣ ጀምራችሁ ወደ ጫፉ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። አትቸኩሉ። ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ አትጠቡት፤ ከድንጋዩና ከብረቱ የወጣ ደቃቅ ነው፣ እሱ ነው የሚስለው። ሲደርቅ ብቻ ውሃ ጠብ አድርጉበት።

እስከ መቼ? ይሄ ነው ጥያቄው፤ ሰው "20 ጊዜ ወይስ 50 ጊዜ?" ይለኛል። ቁጥር የለውም። እስከ ጢሙ ነው። ጢም እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። ብረት ከአንዱ ጎን ሲፋቅ፣ አፉ ላይ ደርሶ ሲያልቅ፣ ወደ ሌላው ጎን በዓይን በቀላሉ የማይታይ ቀጭን ጠርዝ ያወጣል። አውራ ጣታችሁን ከጀርባው ወደ አፉ አቋርጣችሁ አሳልፉ፤ በስለቱ ርዝመት አታስኬዱት፣ ይቆርጣችኋል፣ አቋርጣችሁ ከብረቱ ወደ ውጭ ብቻ። አንድ ነገር ጣታችሁን ቀጨም ያደርገዋል፣ እንደ ሸካራ ክር። ያ ነው። ከተረከዙ እስከ ጫፉ ሁሉም ቦታ ላይ ከተሰማችሁ የዚያኛው ጎን ሥራ አልቋል። አንድ ቦታ ላይ ካልተሰማችሁ እዚያ ገና አልደረሳችሁም፤ ያንን ቦታ ብቻ ጨምሩ። ከዚያ ገልብጡትና በሌላው ጎን እንደገና፣ ጢሙ ወደ መጀመሪያው ጎን እስኪዞር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ግማሽ ሰዓት ሊወስድባችሁ ይችላል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ጢሙ ሳይወጣ ገልብጦ ገልብጦ ስለሚደክመው ነው።

ጢሙ ካልተወገደ ግን ቢላው አሁን ቆርጦ ነገ ይደነዝዛል። ስለዚህ ልሙጡ ድንጋይ ላይ በጣም ቀለል አድርጋችሁ፣ የቢላው ክብደት ብቻ እስኪሆን፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን እያፈራረቃችሁ ሳሉት። መጨረሻ ላይ የቆየ የቆዳ ቀበቶ፣ እሱም ከሌለ የታጠፈ ጋዜጣ ላይ አፉን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ጎትቱት። ወደ ፊት ከገፋችሁት ቀበቶው ይቆረጣል። ከዚያ ወረቀት አንጠልጥላችሁ ሞክሩ። ሳይዝ፣ ሳይቀድ፣ ጥርት አድርጎ ከወረደ ተሳልቷል። የሆነ ቦታ ላይ ከያዘ፣ እዚያ ቦታ ላይ ጢም ቀርቷል።

በበዓል ሰሞን የሚሽከረከር ድንጋይ ይዘው ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩ ልጆች አሉ። ሠርተው ይበላሉ፣ ስማቸውን ማጥፋት አልፈልግም፣ ጎበዝ የሆኑም አሉ። ግን አንድ ጊዜ ጥሩ ቢላዬ አፉ ሰማያዊ ሆኖ መጣልኝ። የቢላ ብረት መጀመሪያ ግሎ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ቀጥሎ እንዳይሰባበር በመጠነኛ ሙቀት ይለዝባል፤ አብዛኛው ከ200 ዲግሪ ብዙ በማይርቅ ሙቀት። ሰማያዊ ቀለም የሚመጣው 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ያ ማለት ፍትጊያው ያንን የጠነከረውን አፍ መልሶ አልስልሶታል። ያ ቢላ ከዚያ በኋላ ቢሳልም ሁለት ቀን አይቆይም ነበር። ሰማያዊው እስኪያልቅ ድረስ ፍቄ ፍቄ ነው ያዳንኩት። ስለዚህ ብትሰጡም አጠገቡ ቁሙ፤ ውሃ አለው ወይ? በየመሃሉ ይነክራል ወይ? ብልጭታው እንደ ርችት ከሆነ አስቁሙት።

የሳላችሁትን ምን ያበላሸዋል? ሳህን። ቁርጥ ቤት ሂዱና አስተውሉ። ሥጋው ይመጣል፣ ቢላው ስል ነው፣ እኛ የምንቆርጠው የሸክላ ሳህኑ ላይ ነው። ሥጋው አልቆ ቢላው ሳህኑን ሲነካ የሚሰማው "ቂጭ" የሚል ድምፅ፣ ያ የስለቱ ማለቅ ነው። ለዚህ ነው እነሱ ሲስሉ የሚውሉት። እቤታችሁ ቁርጥ ስትበሉ እንጨት ላይ አድርጉት። ብርጭቆ መክተፊያ፣ እብነ በረድ፣ የብረት ትሪ ላይ አትቁረጡ፤ እንጀራም ቢሆን ትሪ ላይ በቢላ አትቁረጡ። ሁለተኛው ሳፋ ነው። ቢላ ከሌላ ዕቃ ጋር አረፋ ውስጥ አይጣልም፤ አፉም ይጎዳል፣ ዕቃ የምታጥበው ልጅ ደግሞ ሳታየው እጇን ትሰዳለች። ለብቻው ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ። መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር ሲጋጭ የሚኖር ቢላም ስለት አይበረክትለትም፤ ካርቶን አጥፋችሁ አፎት ሥሩለት። ሦስተኛው፣ ከትፋችሁ ስትጨርሱ ሽንኩርቱን በቢላው አፍ እየፋቃችሁ ድስት ውስጥ አትጨምሩ። ገልብጡትና በጀርባው ጥረጉት።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ጥቂቶቹን ልጻፍ።

አንዲት እናት "እኔ በስኒ ቂጥ ነው የምስለው፣ ልክ ነው ወይ?" አሉ። ልክ ነው። ስኒውን ገልብጡት፤ የሚቀመጥበት ክብ ጠርዝ እንደ ላይኛው በሚያብለጨልጨው ልባስ አልተሸፈነም፣ ሸካራ ሸክላ ነው፣ እንደ ልሙጥ ድንጋይ ያገለግላል። ድንጋይ እስክታገኙ፣ ወይም እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሽንኩርቱ ገና ያልተከተፈ እንደሆነ፣ በጣም ጥሩ ነው። ያልተሰነጠቀ ስኒ ይሁን ብቻ።

አንድ ወጣት "ቢላ የሚጎተትባት ትንሿ መሳያስ?" አለኝ። ሁለት ጠንካራ ብረት በቪ ቅርጽ የተገጠመባትን ማለቱ ነው። ለጊዜው ታስቆርጣለች፣ ግን ብረቱን ትገሸልጠዋለች፤ አፉ እንደ መጋዝ ይሆናል፣ ቢላውም ቶሎ ያልቃል። ለርካሽ ቢላ እንጂ ለሚወደድ ቢላ አትሁን።

ከአሜሪካ ለበዓል የመጣች እህት ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል ወይ አለች። አይገባም። ሙቀቱና ሳሙናው የእንጨት እጀታውን ይሰነጥቃል፣ ዕቃ ከዕቃ ሲጋጭ አፉን ይጎዳዋል። ለእናቷ ጥሩ ቢላ ማምጣት እንደምትፈልግም ነገረችኝ፤ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፣ በእጅ ከሚያዘው ውስጥ ይወሰድብሻል አልኳት፤ ከቢላው ጋር ድንጋዩንም አምጪላቸው።

ባለ ጥርሱ የዳቦ ቢላ እንዴት ይሳላል ያለም ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አይሆንም፣ ጥርሱ ያልቃል። ዳቦ ብቻ ከቆረጣችሁበት ለዓመታት ይቆያል፣ ስለዚህ ለሌላ ነገር አትንኩት።

በሉ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ጠጋ ጠጋ እናድርግ። ሦስት ድንጋይ ነክሬያለሁ፣ ውሃው በባልዲው ነው፣ ማርከሩ እዚያ ጋ አለ፤ ፎጣውን ድንጋዩ ስር አንጥፉ። ለሦስት ለሦስት ሆናችሁ ቁሙ። ልጆች፣ መጀመሪያ በርካሹ ቢላ ሞክሩ። እማማ፣ የእርስዎ ተስሏል፤ ይኸኛው ድንጋይ አጠገብ ቁጭ ይበሉልኝና ጣትዎ ጢሙን እንዴት እንደሚያገኘው ያሳዩዋቸው።